የኮምፒውተርን ፍጥነት የሚወስኑ የዊንዶውስ ቅንብሮች

የኮምፒውተርን ቅንብር ማስተካከል ማሽኑ ያለውን አቅም በየትኛው ሥራ ላይ እንደሚያውል መወሰን ነው። ቅንብር አዲስ አቅም አይጨምርም፤ ባልተፈለገ ሥራ የሚባክነውን ግን ያስቀራል። ስለዚህ ከማናቸውም ማስተካከያ በፊት አቅሙ የት ላይ እንደሚባክን ማየት ይቀድማል። ማብራሪያው በቤትና በቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ በብዛት የሚገኙትን ዊንዶውስ 10ንና ዊንዶውስ 11ን ይመለከታል።

የዕለት ተዕለት ሥራን ፍጥነት በዋናነት የሚወስኑት ሦስት ክፍሎች ናቸው፦ ስሌቱን የሚያከናውነው ፕሮሰሰር፣ የተከፈቱ ፕሮግራሞችን የሚይዘው ራም እና ፋይሎች የሚቀመጡበት ዲስክ። ከሦስቱ አንዱ ሲጨናነቅ ሌሎቹ ሥራ ፈትተው ይጠብቁታል። የተጨናነቀው የትኛው እንደሆነ የሚያሳየው ታስክ ማናጀር ነው። ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1996 ከዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ጋር የመጣ ሲሆን፣ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ የተባሉት ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ ይከፈታል። በመስኮቱ ላይ ሲፒዩ፣ ሚሞሪ እና ዲስክ የሚሉ ዓምዶች ከነመቶኛቸው ይታያሉ። የአንዱ ዓምድ ርዕስ ሲነካ ፕሮግራሞቹ በፍጆታቸው መጠን ይደረደራሉ፤ ብዙ የሚወስደውም ከላይ ይወጣል። ተጠቃሚው ምንም ሳይሠራ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከቆመ፣ ብዙውን ጊዜ ከጀርባ ማሻሻያ እየተጫነ ወይም አንቲቫይረስ ፋይሎችን እየፈተሸ ነው። ሥራው ሲያልቅ መጨናነቁም ያበቃል።

ከሁሉ በፊት ሊታይ የሚገባው ኮምፒውተሩ ሲከፈት አብረው የሚነሱት ፕሮግራሞች ዝርዝር ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ሲጫኑ ራሳቸውን በዚህ ዝርዝር ውስጥ ያስገባሉ፤ የመልእክት መላላኪያው፣ የሙዚቃ ማጫወቻውና የፕሪንተሩ አጋዥ ማንም ሳይጠራቸው ተነስተው ራምና ፕሮሰሰር ይሻማሉ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ዝርዝሩ በታስክ ማናጀር ውስጥ ስታርትአፕ በሚለው ክፍል ይገኛል፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም በአነሳሱ ላይ ያለው ጫና ከፍተኛ፣ መካከለኛ ወይም ዝቅተኛ ተብሎ ተጽፎለታል። በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተነክቶ ዲሴብል ሲባል ፕሮግራሙ አይጠፋም፤ ተጠቃሚው ሲከፍተው ብቻ ይነሳል። አንቲቫይረስንና የድምፅ ወይም የታችፓድ አጋዦችን ግን እንዳሉ መተው ይሻላል። ፎርማት የተደረገ ኮምፒውተር መጀመሪያ ላይ የሚፈጥነውም በከፊል ይህ ዝርዝር ስለሚራቆት ነው። ፕሮግራሞቹ ተመልሰው ሲጫኑ ዝርዝሩም ይሞላል፤ ዝግመቱም ይመለሳል።

ቀጣዩ ራም ነው። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ ለጊዜው የማያስፈልገውን መረጃ ወደ ዲስክ ያዛውራል፤ ይህ ቨርቹዋል ሚሞሪ ይባላል። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1962 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሥራ ከጀመረው አትላስ ኮምፒውተር የመጣ ነው። አሠራሩ ፕሮግራሞች ቦታ አጥተው እንዳይዘጉ ይረዳል፤ ዋጋው ግን ዝግመት ነው። ራም መረጃን ለማቅረብ ወደ 100 ናኖሰከንድ ሲበቃው፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ወደ 10 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ ልዩነቱ መቶ ሺህ እጥፍ ነው። በመሆኑም የቨርቹዋል ሚሞሪን መጠን በእጅ ማሳደግ ኮምፒውተሩን አያፈጥነውም፤ ጨርሶ መዝጋት ደግሞ ፕሮግራሞች በድንገት እንዲዘጉ ያደርጋል። መጠኑን ለዊንዶውስ መተው ተመራጭ ነው። የሚሻለው የራም ፍጆታን መቀነስ ሲሆን፣ በዚህ ረገድ ዋናው ተጠቃሽ ብሮውዘር ነው። ክሮም ሚሞሪ ሴቨር፣ ኤጅ ደግሞ ስሊፒንግ ታብስ የተባለ ቅንብር አላቸው፤ ሁለቱም ለተወሰነ ጊዜ ያልታዩ ገጾች የያዙትን ራም ያስለቅቃሉ።

የዲስክ ቅንብር እንደ ዲስኩ ዓይነት ይለያያል። በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ የአንድ ፋይል ቁርጥራጮች በተለያየ ቦታ ሲበታተኑ፣ የሚያነበው ክንድ ከቦታ ቦታ መመላለስ ስላለበት ጊዜ ይባክናል። ዲፍራግመንት ማድረግ ቁርጥራጮቹን ያሰባስባል። ኤስኤስዲ ግን ተንቀሳቃሽ ክፍል ስለሌለው ይህ አይጠቅመውም፤ እሱ የሚፈልገው የተሰረዙ ፋይሎች የነበሩበትን ቦታ የሚያሳውቀው ትሪም የተባለ ትእዛዝ ነው። ዊንዶውስ የዲስኩን ዓይነት ለይቶ ተገቢውን ሥራ በየሳምንቱ ስለሚያከናውን፣ መርሐ ግብሩ አለመዘጋቱን ማረጋገጥ ይበቃል። ሲ ድራይቭ ሲሞላ ደግሞ ስቶሬጅ ሴንስ የተባለው ቅንብር ጊዜያዊ ፋይሎችንና ሪሳይክል ቢን ውስጥ የቆዩትን ያጸዳል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ከሚጸዱት ምርጫዎች አንዱ ዳውንሎድስ ፎልደር ነው። ሰነዶቹንና ፎቶዎቹን እዚያው የሚያከማች ሰው ይህን ምርጫ ከነካ የሚፈልጋቸው ፋይሎች አብረው ይሰረዛሉ።

በላፕቶፕ ላይ የኃይል ቅንብርም ለውጥ ያመጣል። ባትሪ ለመቆጠብ የተዘጋጀው ምርጫ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ይገድባል፤ ከኤሌክትሪክ ጋር ተያይዞ ሲሠራ ወደ ከፍተኛው የአፈጻጸም ምርጫ መቀየር ይቻላል። ሆኖም ፕሮሰሰር ከመጠን በላይ ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ፣ ማቀዝቀዣው በአቧራ በተደፈነ ማሽን ላይ ይህ ምርጫ ብዙም አይፈይድም።

የመስኮቶች እንቅስቃሴ፣ ጥላና የመሳሰሉት ማስዋቢያዎች ደካማ ግራፊክስ ባላቸው አሮጌ ማሽኖች ላይ ይከብዳሉ። ስታርት ሜኑ ላይ ፐርፎርማንስ የሚለው ቃል ተጽፎ ሲፈለግ የሚመጣው መስኮት ሁሉንም በአንዴ ለማጥፋት ያስችላል። የፊደላትን ጠርዝ የሚያለሰልሰው ምርጫ ግን መመለስ አለበት፤ እሱ ሲጠፋ ጽሑፍ ይሻክራል፣ በቀጫጭን ቅጥያ የሚለያዩትን የግእዝ ፊደላት መለየትም ያስቸግራል።

ኢንተርኔት ሲዘገይ የሚታየው የማሻሻያ አወራረድ ነው። በሞባይል ዳታ የሚሠራ ሰው መስመሩን ሚተርድ ኮኔክሽን ብሎ ቢመዘግብ ዊንዶውስ አብዛኞቹን ማሻሻያዎች በራሱ ከማውረድ ይቆጠባል። ማሻሻያዎቹ የደኅንነት ቀዳዳዎችን ስለሚደፍኑ ግን በሌላ መስመር በጊዜው ማውረድ የግድ ነው።

ሹት ዳውን እና ሪስታርት አንድ አለመሆናቸውም መታወቅ አለበት። ፋስት ስታርትአፕ የተባለው ቅንብር በተከፈተበት ኮምፒውተር ላይ ሹት ዳውን የዊንዶውስን እምብርት በዲስክ ላይ አስቀምጦ በሚቀጥለው አነሳስ እንዳለ ይመልሰዋል። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከመጀመሪያው ያስነሳል። ማታ ማታ እየተዘጋም ችግሩ የማይለቀው ኮምፒውተር በአንድ ሪስታርት የሚስተካከለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከጥቅማቸው ጉዳታቸው የሚያመዝን እርምጃዎችም አሉ። የዊንዶውስና የፕሮግራሞች ቅንብሮች የሚመዘገቡበትን ሬጅስትሪ እናጸዳለን የሚሉ ፕሮግራሞች ፍጥነት አይጨምሩም፤ ማይክሮሶፍትም መጠቀሙን አይደግፍም። ሁለት አንቲቫይረስ በአንድ ላይ መጫን እያንዳንዱን ፋይል ሁለቴ ያስፈትሻል። ከትልቅ ለውጥ በፊት ወደ ቀድሞው ቅንብር ለመመለስ የሚያስችለውን ሪስቶር ፖይንት መፍጠር፣ ቅንብሮችንም አንድ በአንድ እየቀየሩ ውጤቱን ማየት ይገባል።

ቅንብር የሚያደርሰው ማሽኑ ካለው አቅም ድረስ ብቻ ነው። 4 ጊጋባይት ራም ለዊንዶውስ 11 ዝቅተኛው መስፈርት ስለሆነ፣ ይህን ያህል ራም ብቻ ባለው ኮምፒውተር ላይ ብሮውዘርና ዎርድ አብረው ሲከፈቱ መጨናነቅ አይቀርም። ማስተካከያዎቹ ሁሉ ተደርገው ታስክ ማናጀር አሁንም ራሙ እንደሞላ ካሳየ መፍትሔው ራም መጨመር ነው፤ ሃርድ ዲስኩ ከ100 በመቶ አልወርድ ካለ ደግሞ በኤስኤስዲ መተካት። ለአሮጌ ኮምፒውተር ከሚወጣ ወጪ ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣ የለም።