ኑሮ ሲከብድ ቡናችንን አንተው

 

ኑሮ ሲከብደን መጀመሪያ የምንቀንሰው ትንንሽ ደስታዎቻችንን ነው። የቤት ኪራይ ሲጨምር ከጓደኛ ጋር የሚጠጣው ቡና ይቀራል። ሥራ ሲደራረብ የማታው እግር ማፍታቻ ይቀራል። ሐሳብ ሲበዛ ሬድዮው ይዘጋል። «ይቺ ነገር ትለፍና ያኔ» እንላለን፤ አንዷ ስታልፍ ሌላዋ ትመጣለች፣ ያ «ያኔ» የተባለው ቀንም አይደርስም። እኔ እነዚህን ነገሮች መቀነስ ካለብን እንኳ በመጨረሻ ነው ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

የምኖረው ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ጠዋት ወደ ሜክሲኮ በሚወስደው የታክሲ ሰልፍ ላይ የምሰማው ወሬ የዘይት ዋጋ፣ የአከራይ ማስጠንቀቂያና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በደመወዝ የሚኖር ሰው ወሩን ለመጨረስ ምን ያህል እንደሚያሰላ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ስለዚህ «ፈገግ በሉ፣ ሁሉም ያልፋል» ልላችሁ አይደለም የተነሳሁት። ቡና ኪራይ አይከፍልም። ኪራዩን ለመክፈል ነገም የሚነሳው ሰው ግን ዛሬ ትንፋሽ ማግኘት አለበት።

ከቡና ልጀምር፤ እኛ ሰፈር ከዚህ የሚቀድም ነገር የለም።

ማታ ከታክሲ ወርደን ወደየብሎካችን ስንገባ መንገዱ ዳር የጀበና ቡና የሚያፈሉ ሴቶች አሉ። ቄጠማ የተጎዘጎዘባት ጠባብ ቦታ፣ ዝቅ ዝቅ ያሉ በርጩማዎች፣ ረከቦት ላይ የተደረደሩ ስኒዎች፣ ጎን ላይ የሚጨስ እጣን፤ ከዚህ የዘለለ ዕቃ የለም። ሾፌሩ፣ የባንክ ሠራተኛውና ሲሚንቶ ሲያቦካ የዋለው የቀን ሠራተኛ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ይቀመጣሉ። ጤና አዳም ጣል የተደረገባትን ስኒ ተቀብሎ ፉት የሚል ሰው ትከሻው ዝቅ ሲል ማየት ትችላላችሁ። ቀን ሙሉ ሽቅብ ተሰቅሎ የዋለ ትከሻ ነው። ብዙዎቻችን እንደተሰቀለ እንኳ አናውቅም።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ ወጉ ሙሉ ነው። እኛ ፎቅ ላይ ያለን ጎረቤቶች ቡናውን በተራ እናፈላለን። ቡናው ታጥቦ ብረት ምጣድ ላይ ይደረጋል። መጀመሪያ እርጥበቱ ይወጣል፣ ሽታውም ገና የጥሬ ነው። ቆየት ብሎ ገለባው ይላቀቅና ይንጣጣል፤ መልኩ ከወርቃማነት እየጠቆረ ይሄድና ፊቱ ላይ ዘይት ያወጣል። ያኔ የቆላችው ሴት ምጣዱን ይዛ ተነስታ በየፊታችን ታዞረዋለች፤ ጭሱን በእጃችን ወደ አፍንጫችን እየሳብን «እሰይ» እንላለን። ወደ ሙቀጫ ይገለበጣል፣ ይወቀጣል። ጀበናው ይጣዳል፣ ሲገነፍል ይወርዳል፣ ማቶቱ ላይ ይቀመጥና እስኪሰክን ይጠበቃል። ፈንዲሻው ይዞራል። አቦል ይቀዳል፣ ቶና ይከተላል፣ በረካ ላይ ሲደረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ሄዷል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት በዚህ መሐል የሚጣደፍ ነገር እንደሌለ እንድታዩልኝ ነው። ሳይሰክን የተቀዳ ቡና አተላ ነው የሚያስጠጣው። አለቃ ደወለም፣ ፈተና ደረሰም፣ ጀበናው በራሱ ጊዜ ነው የሚሰክነው። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ብድግ ስል አንዲት እናታችን «ልጄ፣ አቦል ሳይጠጡ መሄድ ምን የሚሉት ነው? ተቀመጪ እንጂ» ብለው ትከሻዬን ይዘው መልሰው አስቀመጡኝ። እኔ ራሴን እንዲህ አላስቀምጥም ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የሚያጣድፈንን ነገር ለአንድ ሰዓት የሚያቆም ወግ አያቶቻችን ትተውልናል፤ እኛ ጊዜ የለንም ብለን ስንተወው በእውነት ያሳዝነኛል።

ሽታው ብቻውን የሚሠራው ሥራም አለ። ማሽተት ከሌሎቹ የስሜት ሕዋሳት በተለየ ስሜትንና ትዝታን ከሚያስተናግዱት የአንጎል ክፍሎች ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት አለው። የተቆላ ቡና ወይም እጣን ሲሸታችሁ ምንም ሳታስቡ የእናታችሁ ቤት ትዝ የሚላችሁ ለዚህ ነው። አገራችን ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉ እዚሁ እኛው ዘንድ ይጠጣል። ያን ያህል ቡና የምንጠጣው ለእንቅልፍ ማባረሪያ ብቻ አይመስለኝም።

ጠንቀቅ ማለትም ያስፈልጋል። ካፌይን ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ግማሹ ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ማታ 12 ሰዓት ላይ የጠጣነው ቡና ግማሹ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይም ከእኛው ጋር አለ ማለት ነው። ልባችሁ የሚመታባችሁ፣ እንቅልፍ የሚያስቸግራችሁ ሰዎች ቀረፋና ቅርንፉድ ያለበት ሻይ ይዛችሁ ከቡናው ዙሪያ ተቀመጡ። ዋናው መቀመጡ ነው።

«እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ምን ይለውጣል?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም ይህን ጥያቄ ይዤ ሳነብ ሁለት ጥናቶች ቀልቤን ሳቡት። አንደኛው በ1981 እ.ኤ.አ. የታተመው የአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር የሪቻርድ ላዛረስና የባልደረቦቹ ሥራ ነው። 100 መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያሉ ሰዎችን ለወራት ተከታትለው ያገኙት፣ የአእምሮ መረበሽን በተሻለ የሚያመላክተው እንደ ፍቺና ከሥራ መፈናቀል ያለው ትልቅ ክስተት ሳይሆን የየዕለቱ ትንንሽ ብስጭት መሆኑን ነው። የጠፋ ቁልፍ፣ የረዘመ ሰልፍ፣ የተቋረጠ ውኃ። ጀሞ ለሚኖር ሰው ይህ ማስረዳት አያሻውም፤ በሊፍት የለሽ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን የተሸከመ ያውቀዋል። የሚያደክመን በየዕለቱ የሚጠራቀመው ትንሽ ነገር ከሆነ፣ የሚያሳርፈንም በየዕለቱ የሚገኝ መሆን አለበት። በዓመት አንዴ ሐዋሳ ወይም ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ማደር ደስ ይላል፤ የማክሰኞን ድካም ግን እስከ በዓል አቆዩልኝ አይባልም።

ሁለተኛው ይበልጥ ልቤን ነክቶታል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሱዛን ፎክማን የምትባል ተመራማሪ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በኤድስ የታመሙ የሕይወት አጋሮቻቸውን የሚያስታምሙ ሰዎችን ታነጋግር ነበር። ያን ጊዜ በሽታው ገና ፍቱን መድኃኒት አላገኘም ነበር። ጥያቄዎቿ በሙሉ ስለ ጭንቀት ነበሩ። አስታማሚዎቹ ራሳቸው «ደስ ስላሰኘን ነገር ለምን አትጠይቁንም?» አሉ። ጥያቄው ተጨመረ፤ እነዚያ ሞትን በቅርብ የሚጠብቁ ሰዎችም ለታማሚው ስለሠሩት ጥሩ ምግብ፣ ስላዩት አበባ፣ ከወዳጅ ስለሰሙት ደግ ቃል አወሩ። ደስታው ኀዘኑን አላጠፋውም፤ ጎን ለጎን ነበሩ። እኛስ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ቡና እያፈላን፣ ሐዘንተኛውን በጨዋታ እያዋዛን «ብላ እንጂ» የምንለው ይህንኑ አውቀን አይደል?

ወደ ታክሲው ልመለስ። ከሜክሲኮ በሳር ቤት፣ በመካኒሳ፣ በጀርመን አደባባይ አድርጎ ጀሞ እስኪደርስ መንገዱ ሲዘጋጋ ያለውን ታውቁታላችሁ። ያን ጊዜ ስልክ ላይ ወሬ እያሳደዱ ማሳለፍ ይቻላል፤ እኔ ግን እንዲያ ሳደርግ ቤቴ የምደርሰው ሰው ለመቆጣት ተዘጋጅቼ ነው። አሁን ጆሮዬ ላይ ትረካ አደርጋለሁ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬድዮ የተረከው ዛሬም በየስልኩ ይገኛል። ያ ድምፅ ጎጃም ወስዶ ሲመልሰኝ ረዳቱ «ጀሞ አንድ ወራጅ!» ይላል። በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 አንዱዓለም ተስፋዬ የተረካቸውን መጻሕፍት፣ የእሸቴ አሰፋን «መቆያ» የምትወዱም እንዳላችሁ አውቃለሁ። ወጪው ጥቂት ዳታ ነው፤ ሬድዮ ያለው ስልክ ከያዛችሁ እሱም የለም።

ጆሮ ማዳመጫ ለሌለው ደግሞ ትንፋሽ አለ። በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ለአንድ ወር በቀን 5 ደቂቃ የተለያየ አተነፋፈስ የሞከሩ ሰዎችን ተመልክቷል። በአንደኛው አተነፋፈስ በአፍንጫ አየር ይሳባል፣ ሳይወጣ ትንሽ ይደገማል፣ ከዚያ በአፍ ቀስ ተብሎ ረዘም አድርጎ ይወጣል። ስሜታቸው በይበልጥ የተሻሻለው እንዲህ የተነፈሱት ናቸው። ታክሲ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጦ ማንም ሳያይ ይሠራል። እናቶቻችን ሥራ ጨርሰው ቁጭ ሲሉ «እፎይ» ብለው የሚያወጡት ረጅም ትንፋሽ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

በኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዱ በሰፋባቸው ቦታዎች ደግሞ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ መራመድ ይቻላል። ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ፣ ከጀሞ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ፉሪ ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ፀሐይ ወጨጫ ጀርባ ስትገባ ሰማዩ ለጥቂት ደቂቃ የሚለብሰውን ቀለም ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ማነሱ ይገርመኛል። ዛፍና ሰማይ ባለበት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መቆየት ኮርቲዞል የሚባለውን የጭንቀት ሆርሞን በደንብ እንደሚቀንስ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሳይቷል። በክረምቱ ደግሞ ዝናቡ አባርቶ መሬቱ ሲሸት ከሰል ላይ የሚጠበስ በቆሎ እሸት አለ። በጋዜጣ ቁራጭ ተይዞ፣ ጣት እያቃጠለ፣ ፍሬ በፍሬ የሚበላ። እሸት ሲበላ ስልክ መነካካት አይመችም፤ አንዱ ጥቅሙ ይህ ነው።

ደስታ የሚመስል ሁሉ ግን አያሳርፍም፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ሰፈራችን ውስጥ ወጣቶቻችን የሚሰበሰቡባቸው ጫት ቤቶች፣ ግሮሰሪዎች አሉ። እዚያ የሚገባውም እንደ እኛው እፎይታ ፈልጎ ነው፤ አልፈርድበትም። እኔ የምለይበት መንገድ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያለውን ማየት ነው። ቡናው፣ ትረካው፣ እግር ጉዞው ሲያልቅ ያልቃል፤ ወደ ቤት ያስገባል። ሌላው ሲያልቅ «ጨምር» ይላል፣ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ እንቅልፍ ይወስዳል፣ ነገ ጠዋት ዛሬ ያልነበረ ጭንቀት ጨምሮ ይጠብቃል።

የትንንሽ ደስታ አቅም የሚያበቃበት ቦታም አለ። ድሮ ደስ ይለን የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ሲያጣ፣ ይህም አብዛኛውን ቀን ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲቆይ፣ ከድብርት ሕመም ዋና ምልክቶች አንዱ ነው። እንዲህ ለሆነ ሰው «ቡና ጠጣና ይለፍህ» ማለት በደል ነው። ሕክምና አለው። በቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ ሄዶ መናገር፣ ካስፈለገም አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል መታየት ይቻላል። ጸበል የሚጠመቅም ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መጠመቅ ይችላል።

ይህን ወሰን ያወቅነው በራሳችን ቡና ላይ ነው። አንዲት ጎረቤታችን ተራዋ ሲደርስ «እናንተ አፍሉልኝ» ማለት ጀመረች። ቀጥሎ መምጣት ተወች። በር ስናንኳኳ «ራሴን አሞኝ ነው» ትላለች። በትከሻዬ ይዘው ያስቀመጡኝ እናታችን ናቸው «ይቺ ልጅ ራሷን ብቻ አይደለም ያመማት» ያሉት። ጀበናውን ይዘን እሷ ቤት ገባን፤ ብዙ አላወራንም። ለጥቂት እሁዶች እንዲሁ ካደረግን በኋላ እንቅልፍ ካጣች እንደቆየች፣ ምግብ እንደማይጥማት ነገረችን። እህቷ ተጠርታ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፤ አሁን ክትትል ላይ ናት፣ ተራዋንም ማፍላት ጀምራለች። ሐኪሟ ቡና ቀንሺ ስላላት ለእሷ የቅመም ሻይ ለብቻ ይፈላላታል።