ጠንካራውን ቢራ በጃምቦ አይለኩት

«ሁለት ቢራ ብቻ ነው የጠጣሁት!» ይህን መልስ በሕክምና ክፍላችን ደጋግመን እንሰማዋለን። ውድ አንባቢያን፣ መልሱ እውነት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሰውየው ምን ያህል አልኮል እንደወሰደ አይነግረንም፤ ቢራ ሁሉ አንድ አይደለምና።

የአገራችን የፋብሪካ ቢራዎች በአብዛኛው ከ4 እስከ 5.5 በመቶ አልኮል አላቸው። በትንሽ መጠን የሚጠምቁ ቤቶች ግን እንደ ጠማቂው ፍላጎት 7፣ 8፣ አንዳንዴም 9 በመቶ የሚደርስ ቢራ ሊያቀርቡ ይችላሉ። በቤልጂየም ይህ የቆየ ልማድ ነው። ዱቬል የሚባለው ቢራ 8.5፣ የዌስትማሌ ገዳም ትሪፕል ደግሞ 9.5 በመቶ አልኮል አላቸው። ዛሬ በብዙ አገሮች በየሰፈሩ የተከፈቱ አነስተኛ ጠማቂዎች ይህንኑ ፈለግ ይከተላሉ። በአዲስ አበባም ቢራውን እዚያው ጠምቀው ለደንበኛ የሚቀዱ ቤቶች አሉ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድም አንድ ሁለት ጠርሙስ በሻንጣው ይዞ ብቅ ይላል።

ይህን የምጽፈው ጠጡ ለማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2023 እንዳስታወቀው ለጤና ፍጹም አስተማማኝ የሚባል የአልኮል መጠን የለም። አልኮል ካንሰር አምጪ ከሚባሉት ነገሮች ተርታ ከተመደበም ቆይቷል። የማይጠጡ ከሆነ ለጤናዬ ይጠቅመኛል ብለው አይጀምሩ። የሚጠጡ ከሆነ ግን በብርጭቆዎ ውስጥ ያለውን ማወቅ አለብዎት።

ሂሳቡ ቀላል ነው። የመጠጡን ልክ በሚሊ ሊትር ይውሰዱ፤ በአልኮሉ መቶኛ አባዝተው ለ100 ያካፍሉ። ያገኙትን በ0.8 ሲያባዙት አልኮሉን በግራም ይሰጥዎታል። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ገደማ አልኮል አለው። ግማሽ ሊትር በሚይዝ ጃምቦ የተቀዳ ባለ 9 በመቶ ቢራ ደግሞ 36 ግራም ይሆናል። ይህም የተለመደውን ቢራ ሦስት ጠርሙስ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ሁለት ጃምቦ የጠጣ ሰው እንግዲህ አምስት ጠርሙስ ተኩል ያህል ጠጥቷል፤ እሱ ግን የቆጠረው ሁለት ነው።

ጉበታችን በሰዓት የሚያስወግደው አልኮል ከሰው ሰው ቢለያይም ከ7 እስከ 10 ግራም አካባቢ ነው። ቡና፣ ቀዝቃዛ ሻወር፣ ንጹሕ አየር፣ አንዳቸውም ይህን ፍጥነት አይጨምሩትም። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ሁለተኛውን ጃምቦ የጨረሰ ሰው ተኝቶ ተነስቶ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መሪ ሲጨብጥ ደሙ ገና ከአልኮል ላይጸዳ ይችላል። ራሱን ግን ደህና እንደሆነ አድርጎ ያስባል፤ እንቅልፍ ጠግቧላ!

ጥንካሬው ከየት ይመጣል? ከብቅሉ ነው። እርሾ ስኳርን ወደ አልኮል ይለውጣል፤ ጠማቂው ብቅሉን ሲያበዛ እርሾው የሚበላው ስኳርም ይበዛል። ከዚያ ውስጥ እርሾው ያልጨረሰው ጣፋጭነት በቢራው ውስጥ ይቀራል። ትልቁ ማታለያም ይኸው ነው። ጣፋጩ የአልኮሉን ምሬትና ማቃጠል ይሸፍነዋል፤ ቅዝቃዜው ደግሞ ምላስን ያደነዝዛል።

በቀለሙም አይፍረዱ። ብዙ ሰው ጥቁር ቢራ ጠንካራ፣ ነጣ ያለው ደግሞ ለስላሳ ይመስለዋል። ጥቁሩ የጊነስ ድራፍት 4.2 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ወርቅማው ዱቬል እጥፉ ነው። ጥቁረቱ የሚመጣው እህሉ ከመቆላቱ ነው፤ ጠላ የሚጠምቁ እናቶቻችን አሻሮውን ሲያጠቁሩት ጠላው እንደሚጠቁረው ማለት ነው።

አባቶቻችን ጠጅን በጣሳ አልጠጡም፤ ጠጅ ብርሌ አለው። ለጠንካራ ቢራም ይኸው ደንብ ይሠራል። ከመቅመስዎ በፊት «ስንት በመቶ ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ቢራውን እዚያው የጠመቀ ቤት ይህን የማይነግርዎት ከሆነ በበኩሌ ባይቀምሱት እመርጣለሁ። ምግብ በልተው ይቀመጡ። በትንሽ ብርጭቆ፣ 150 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ፣ ያስቀዱ። በረዶ እስኪሆን የቀዘቀዘ አይሁን። ያሽቱት፣ ጥቂት ተጎንጭተው በአፍዎ ያቆዩት፣ ከዚያ ይዋጡት። ጉሮሮዎ ላይ ሙቀት ከተሰማዎት እሱ አልኮሉ ነው። በመካከሉ ውኃ ይጠጡ። ጣዕሙን ለማወቅ ይህ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው መቅመስ ሳይሆን መጠጣት ነው።

እርጉዝ ሴት፣ ከ21 ዓመት በታች ያለ ወጣት፣ የጉበት ሕመም ያለበት ሰውና የሚያሽከረክር ሰው መቅመሱም ይቅርባቸው። የቲቢ፣ የሚጥል በሽታና የእንቅልፍ መድኃኒት የሚወስዱም እንዲሁ። ሪህ ያለበት ሰው ደግሞ ቢራ ከሌሎች መጠጦች ይልቅ ሕመሙን ሊቀሰቅስበት እንደሚችል ይወቅ።

ከሁሉም አብልጬ የምሰጋው ግን ለስኳር ሕመምተኞች ነው፤ በተለይ ኢንሱሊን ለሚወጉና ግሊቤንክላሚድ ለሚውጡ። በደማችን ያለው ስኳር ሲያንስ ጉበት ካከማቸውና አዲስ ከሚሠራው ስኳር ይለቃል። ጉበት አልኮል በማስወገድ ሥራ ሲጠመድ ግን አዲስ ስኳር መሥራቱ ይስተጓጎላል። በባዶ ሆድ ሲሆን፣ ለምሳሌ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ የዋለ ሰው ምግብ ሳይቀምስ ቢራ ካስቀደመ፣ አደጋው ይከፋል። መድኃኒቱ ስኳሩን ዝቅ ያደርገዋል፣ ጉበቱ አይደርስለትም። ይህ የሚሆነው እየጠጣ ሳለ ብቻ ሳይሆን ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት ተኝቶ ሳለም ነው።

ምልክቶቹን ልብ ይበሉ፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ንግግር መንተባተብ፣ መንገዳገድ፣ ግራ መጋባት፣ ያለ ምክንያት መቆጣት። የሰከረ ሰው አይመስልም? ይመስላል። ጓደኞቹም «በዝቶበት ነው፣ ይተኛ፣ ሲነጋ ይለቀዋል» ብለው ያስተኙታል። እስኪነጋ ግን አንጎሉ ሊጎዳ፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ የስኳር ሕመም ካለብዎት መጠጣትዎን በተመለከተ አስቀድመው ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ። ከጠጡም አብሮዎት ለተቀመጠው ሰው ሕመምዎን ይንገሩ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ከመተኛትዎ በፊት በመመርመሪያዎ ስኳርዎን ይለኩ።

ጓደኛ ከሆኑ ደግሞ፣ ሰውየው ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ በውኃ የተበጠበጠ ስኳር ወይም የተለመደ ለስላሳ መጠጥ ይስጡት፤ «ስኳር የለውም» ተብሎ የሚሸጠው ለዚህ አይሆንም። ሲነቃም ምግብ ያብሉት። ቢጠሩት ካልመለሰ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ የስኳር ሕመም ኖረበትም አልኖረበትም፣ በአፉ ምንም አይጨምሩ። በጎኑ ያስተኙትና ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ አዲስ አበባ ከሆኑም ወደ 939 ይደውሉ። አምቡላንሱ እስኪደርስ ብቻውን አይተዉት። ለባለሙያው ምን መድኃኒት እንደሚወስድ፣ ምን እንደጠጣና መጠጡ ስንት በመቶ እንደነበር ይንገሩት፤ ጠርሙሱ ካለም ይዘውለት ይሂዱ።