ኩሽኔታው ሲያጉረመርም

(ለሬዲዮ የተዘጋጀ ዘጋቢ ፕሮግራም)

[ድምፅ፦ በአስፋልት ላይ የምትሄድ መኪና። ፍጥነቷ ሲጨምር ከኋላ የሚመጣው ወፍራም ጉርምርምታ አብሮ ይጨምራል።]

ተራኪ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ዕድሜ የጠገበ መኪና የሚነዳ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ላይ እምብዛም አይሰማም። 60 ላይ ይጀምራል፤ 80 ላይ ጨዋታ ያቋርጣል። ብዙዎች «ጎማው ነው» ብለው ያልፉታል። የጎማ ድምፅ ግን አስፋልቱ ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል። ይሄኛው የሚታዘዘው ለፍጥነት ነው። መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ግራ ይጫናል፤ ያን ጊዜ ጉርምርምታው ከበረታ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የግራው ጎማ ኩሽኔታ ነው።

[ድምፅ፦ ጋራዥ። ክሪክ ሲነሳ፣ የጎማ ቡሎኖች ሲፈቱ።]

ተራኪ፦ መኪናዋ ቶዮታ ቪትዝ ናት። የፊት ጎማዎቿ ታኮ ተደርጎባቸዋል። የእጅ ፍሬኗ ተለቋል፤ ፍሬኑ እንደተያዘ የኋላው ታምቡር አይወጣም። ከክሪኩ ሌላ ጠንካራ የብረት መቆሚያ ከሥሯ ገብቷል። ክሪክ ለማንሳት እንጂ ለመደገፍ አልተሠራም፤ በእሱ ብቻ ተማምኖ ከመኪና ሥር የሚገባ ሰው በሕይወቱ ይፈርዳል።

መካኒኩ ጎማው ሳይወልቅ ከላይና ከታች ይዞ ወዘወዘው። ክፍተት ካለ እጅ ላይ ይሰማል። ቀጥሎ በአንድ እጁ እያሽከረከረ ሌላውን እጁን ሞላው ላይ አሳረፈ። ደህና ኩሽኔታ ጸጥ ብሎ ይዞራል። የተበላው የሚፈጨው ነገር ያለ ይመስል በብረቱ በኩል ይንቀጠቀጣል።

[ሙዚቃ፣ ዝቅ ብሎ]

ተራኪ፦ ኩሽኔታ ሁለት የብረት ቀለበቶች፣ በመካከላቸው የሚሽከረከሩ ኳሶች፣ ኳሶቹን አራርቆ የሚይዝ ማቀፊያ፣ ግራሶና ግራሶውን የሚጠብቅ ጎሚኒ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ፊሊፕ ቮን የተባለ የዌልስ ብረት አቅላጭ በ1794 እ.ኤ.አ. ለሠረገላ ዘንግ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ሐሳብ ዛሬም አልተለወጠም፤ ብረት በብረት ላይ ከሚንሸራተት በኳስ ላይ ይንከባለል። በ1898 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሄንሪ ቲምከን ኳሱን ጫፉ በሾጠጠ ሮለር ተክቶ ከጎን የሚመጣውንም ግፊት የሚሸከም ኩሽኔታ አስመዘገበ።

ቪትዝ አንድ ቶን ገደማ ትመዝናለች። ሰውና ዕቃ ሲጨመርባት እያንዳንዱ እግር ሩብ ቶን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይሸከማል። ይህ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው ኳሱ ቀለበቱን በሚነካባት እጅግ ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ዓይን የማያያት አሸዋ ከገባች፣ ወይም ቀለበቱ ላይ ትንሽ ስርጉድ ከተፈጠረ፣ እያንዳንዱ ኳስ በዞረ ቁጥር እዚያው ላይ ይመታል። ጉርምርምታው የሚወለደው ከዚህ ነው። በክረምት ጎርፍ የሞላው መንገድ፣ ጉድጓድ፣ ከልክ ያለፈ ጭነት፣ በኃይለኛ የውኃ ግፊት መታጠብ፤ ሁሉም የየድርሻቸውን ያዋጣሉ።

[ድምፅ፦ መዶሻ ብረት ሲመታ፤ ይቆማል።]

ተራኪ፦ ታምቡሩ ዝጎ አልወጣ ሲል እጅ ወደ መዶሻ ይሄዳል። ታምቡሩ ላይ ግን ጥርስ የወጣላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን በሁለቱም በኩል በእኩል እየጠበቀ ሲገባ ታምቡሩን ራሱ ገፍቶ ያወጣዋል። ኩሽኔታውን ከኋላ የያዙት አራቱ ቡሎኖች ተፈቱ፤ የኤቢኤስ ሽቦ ያለባት ከሆነች እሱም በጥንቃቄ ይነቀላል። አሁን የፍሬን ሸራዎቹን የያዘው ሳህን የሚይዘው የለም። መካኒኩ በሽቦ አሰረው፤ በፍሬኑ ቧንቧ ላይ ተንጠልጥሎ ቢቀር ቧንቧው ይታጠፋል።

በዚህች መኪና ኩሽኔታው ጎማው ከሚታሰርበት የመሃል አካል ጋር ታሽጎ ስለሚመጣ ሁሉም አንድ ላይ ይቀየራል። በኋላ ጎማው በሚነዳ እንደ ሃያስ ባለ ሚኒባስ ግን ኩሽኔታው ዘንጉ ላይ በፕሬስ ተጨምቆ ነው የሚገባው። ያለ ፕሬስ የሚሠራ ሰው አዲሱን ኩሽኔታ በመዶሻ ይደበድበዋል። ይህ ሥራ ሳይሆን ጥፋት ነው። ዘንግ ላይ የሚገባ ኩሽኔታ የሚገፋው በውስጠኛው ቀለበት ነው፤ የውጭኛው ከተገፋ ግፊቱ በኳሶቹ በኩል ያልፍና ቀለበቱን ያሰረጉደዋል። ባለቤቱ ለአዲስ ኩሽኔታ ከፍሎ፣ የተበላ ኩሽኔታ ይዞ ይወጣል። በጥቂት ወራት ውስጥ ያው ድምፅ ሲመለስ ጥፋቱ በዕቃው ላይ ይላከካል።

[ድምፅ፦ የመርካቶ ግርግር፣ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ።]

ተራኪ፦ በእርግጥ ጥፋቱ የዕቃው የሚሆንበትም ጊዜ አለ። የታወቁ ፋብሪካዎችን ስም የለጠፈ አስመስሎ የተሠራ ኩሽኔታ የዓለም ገበያ ችግር ነው። ያገለገለውም ቢሆን ታሽጎ ስለሚሸጥ የውስጡን ጉዳት በዓይን መለየት አይቻልም። ለዚህ ዕቃ ያገለገለ መግዛት አያዋጣም ባይ ነኝ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ አሁን በእጃችን ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት ያገለግሉናል፤ ጥገናው ላይ ያለን ጥንቃቄ ከዚህ በፊት ከነበረው በላይ ሊሆን ይገባል።

[ድምፅ፦ የማጥበቂያ ቁልፍ «ቀጭ» ሲል።]

ተራኪ፦ አዲሱ ኩሽኔታ ገብቶ ጎማው ተመለሰ። የጎማዋ ቡሎኖች የሚጠብቁት በ103 ኒውተን ሜትር ነው፤ መካኒኩም በልክ በሚያጠብቅ ቁልፍ፣ በመስቀል አቅጣጫ እየዘለለ አጠበቃቸው። ጥቂት ከተነዳች በኋላ ጥብቀታቸው እንደገና መታየት አለበት።

አድማጮቻችን፣ ድምፁን ከሰማችሁ ውላችሁ አትደሩ፤ ችላ የተባለ ኩሽኔታ ጎማውን ያወላውላል፣ ሲብስም በጉዞ ላይ ሊያስነቅል ይችላል። ስታስቀይሩም ከመካኒኩ አጠገብ ቁሙ፤ አዲሱን ኩሽኔታ ለመምታት መዶሻ ሲነሳ ካያችሁ አስቁሙና ፕሬስ ወዳለበት ጋራዥ ውሰዱት።