አዲስ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ጋራዥ ሲገባ

አዲስ መኪና ከሻጩ ቤት በወጣ በጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ውስጥ ለምርመራ ተመልሶ ወደ ሻጩ ጋራዥ እንዲገባ ይታዘዛል። በተለምዶ «የመጀመሪያ ሰርቪስ» የሚባለው ይህ ነው። ከባለመኪናዎች መካከል ይህን ቀጠሮ እንደ ከንቱ ድካም የሚቆጥሩት ብዙዎች ናቸው። «መኪናው ገና አዲስ ነው፤ ምን ነክቶት ጋራዥ ይገባል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ የሚወሰደው ሲታመም ብቻ አይደለም፤ ክብደቱ እንዲመዘንና እድገቱ በካርድ ላይ እንዲመዘገብም ጭምር ነው። የአዲስ መኪና የመጀመሪያ ጉብኝትም በአብዛኛው የዚህ ዓይነት ነው፤ ጥገናው ጥቂት፣ መመርመሩና መመዝገቡ ግን ብዙ ነው።

ለመሆኑ በአዲስ መኪና ላይ የሚመረመር ምን ነገር ይኖራል? በነዳጅ የሚሠራውን ሞተር እንመልከት። ፒስተኖቹ በሲሊንደሮቹ ውስጥ በየደቂቃው በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይመላለሳሉ። የፒስተኑ ቀለበቶችና የሲሊንደሩ ግድግዳ በፋብሪካ ተሞርደው የተስተካከሉ ቢሆኑም፣ በማጉያ መሣሪያ ሲታዩ ገጻቸው ጥቃቅን ሸንተረሮች አሉት። መኪናው መነዳት ሲጀምር እነዚህ ሸንተረሮች እርስ በርስ እየተፋተጉ ይለሰልሳሉ፤ ቀለበቱም ከግድግዳው ጋር ይላመዳል። ከፍትጊያው የሚረግፈው ደቃቅ የብረት ብናኝ ወደ ሞተሩ ዘይት ይገባል። ጎላ ያለውን ፊልትሮው ያስቀረዋል፤ ከፊልትሮው ቀዳዳ የሚያንሰው ግን ከዘይቱ ጋር መዘዋወሩን ይቀጥላል። ስለዚህም አንዳንድ ፋብሪካዎች በመጀመሪያዎቹ 300 ኪ.ሜ. ድንገተኛ ፍሬን እንዳይያዝ፣ እስከ 800 ኪ.ሜ. ተጎታች እንዳይጎተት፣ እስከ 1,000 ኪ.ሜ. ደግሞ እጅግ በከፍተኛ ፍጥነት እንዳይነዳና ለረጅም ጊዜ በአንድ ዓይነት ፍጥነት እንዳይኬድ ያስጠነቅቃሉ። ይህ የመጨረሻው ምክር ለብዙ ሰው እንግዳ ነው፤ ረጋ ብሎ በአንድ ፍጥነት መንዳት ለአዲስ ሞተር የሚስማማ ይመስላልና። ይሁን እንጂ ቀለበቶቹ በሚገባ የሚላመዱት ሞተሩ የሚሸከመው ጫና ከፍ ዝቅ ሲል ነው።

በቀድሞው ልማድ መኪናው 1,000 ኪ.ሜ. ገደማ ሲሞላ የመጀመሪያው ዘይት ከነብናኙ ተደፍቶ በአዲስ ይተካ ነበር። ዛሬ የብረት አሠራር ስለረቀቀና ዘይቱም ስለተሻሻለ፣ ብዙ ፋብሪካዎች የመጀመሪያውን የዘይት ለውጥ ወደ 5,000 ወይም ወደ 10,000 ኪ.ሜ. አርቀውታል፤ በ1,000 ኪ.ሜ. የሚደረገው ምርመራ ብቻ የሆነባቸውም አሉ። ትክክለኛው ቁጥር ከመኪናው ጋር በሚሰጠው የመመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ከኪሎ ሜትሩ ጎን የወራት ቁጥር መጻፉም ልብ ሊባል ይገባል። ትርጉሙ «ከሁለቱ አስቀድሞ የደረሰው» ማለት ነው። መኪናውን ከግቢ እምብዛም የማያወጣ ሰው «ኪሎ ሜትሩ መቼ ሞላ?» ብሎ ቀጠሮውን ቢያሳልፍ ይሳሳታል፤ ዘይት ቆሞም ያረጃል።

በመመሪያ መጽሐፉ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይነበብ የሚታለፍ አንድ ገጽ አለ፤ ይኸውም አስቸጋሪ በሆነ ሁኔታ ለሚነዱ መኪናዎች የተዘጋጀው ሰንጠረዥ ነው። አስቸጋሪ ሁኔታ የሚባለው አቧራማ መንገድ፣ ከባድ ጭነት፣ እየቆሙ መሄድና ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ የሚያልቅ አጭር ጉዞ ነው። በአገራችን ፒስታ መንገድ የሚመላለስ መኪና ከዚህ ሰንጠረዥ ሊያመልጥ አይችልም። አቧራ ሲባል በአብዛኛው የተፈጨ ድንጋይ ነው፤ የአየር ፊልትሮውን አልፎ ወደ ሲሊንደሩ የገባ እንደሆነ እንደ ሞረድ ሆኖ ብረቱን ይበላዋል። በከተማ የሚኖረውም ሰው ቢሆን ነፃ አይደለም። ከቤቱ እስከ መሥሪያ ቤቱ አራት ኪሎ ሜትር በመኪና ሰልፍ መካከል እየተንፏቀቀ የሚሄድ የአዲስ አበባ ነዋሪ፣ አስፋልት ላይ ስለሆነ ብቻ መኪናው ያልተቸገረ ይመስለዋል። እንግዲህ ለጋራዡ መቅረብ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «የእኔ መኪና በየትኛው ሰንጠረዥ ይታያል?» የሚለው ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ በባለመኪናው እጅ ያለ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያየውንና የሰማውን እንከን ሁሉ ወደ ጋራዡ ከመሄዱ በፊት በወረቀት ማስፈር ይኖርበታል። እዚህ ላይ የአጻጻፍ ችሎታ ገንዘብ የሚያድን ነገር ይሆናል። «መኪናው ድምፅ ያሰማል» የሚል ዓረፍተ ነገር ለመካኒኩ ምንም አይነግረውም። «ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ከ20 እስከ 30 ኪ.ሜ. ባለው ፍጥነት፣ መሪው ወደ ግራ ሲዞር፣ ከፊት በቀኝ ጎማ በኩል ጠጠር እንደሚንኳኳ ያለ ድምፅ ይሰማል፤ ፍሬን ሲያዝ ይጠፋል» የሚለው ግን መቼ፣ የት፣ በምን ሁኔታ የሚሉትን ጥያቄዎች ሁሉ ይመልሳል። መካኒኩም ያንኑ ሁኔታ ፈጥሮ ድምፁን ለመስማት ይችላል። የእንከኑን ምክንያት መገመት ግን የባለመኪናው ድርሻ አይደለም። «የፍሬኑ ሸራ አልቋል» ብሎ የጻፈ እንደሆነ መካኒኩ ሸራውን ብቻ አይቶ «ደህና ነው» ሊለው ይችላል። የታየው ይጻፍ፤ ፍርዱ ለባለሙያው ይተው።

ጋራዡ ሲደረስ ከመካኒኩ በፊት የሚገኘው እንግዳ ተቀባዩ ነው። እርሱም የሥራ ማዘዣ ይሞላል፤ የቆጣሪውን ኪሎ ሜትር፣ የነዳጁን መጠን፣ በአካሉ ላይ ያለውን ጭረት ይመዘግባል። ባለመኪናው በወረቀት ይዞት የመጣው እንከን በዚህ ማዘዣ ላይ ቃል በቃል እንዲሰፍርለት መጠየቅ አለበት። በቃል ብቻ የተነገረ አቤቱታ ከተቀባዩ ጋር ይቀራል። ከአንድ ዓመት በኋላ ያው ድምፅ ብሶ ዋናውን ክፍል ቢሰብር፣ እንከኑ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደነበረ የሚመሰክረው ማዘዣው ብቻ ነው።

ምርመራው ራሱ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። መኪናው በማንሻ ከፍ ይልና ከበታቹ ዘይት፣ ውኃ ወይም የፍሬን ፈሳሽ የሚያንጠባጥብ መሆን አለመሆኑ ይታያል። የጎማ ብሎኖች ኃይል በሚለካ መፍቻ እንደገና ይጠብቃሉ፤ ይህ ቀላል የሚመስል ሥራ ከሁሉም ይልቅ የሕይወት ጉዳይ ነው። የጎማው ነፋስ፣ ባትሪው፣ ቺንጊያው፣ መብራቱና ፍሬቻው በየተራ ይፈተሻሉ፤ ኮምፒውተርም ከመኪናው ጋር ተያይዞ የተመዘገበ ስሕተት ካለ ይነበባል። የራዲያተሩ ፈሳሽና ክዳንም ይታያሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ ክዳን በሌለው ዕቃ የተጣደ ውኃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ ግፊት የሚይዘው ክዳን እንከን ካለበት የደጋው ሾፌር ከቆላው ሾፌር ቀድሞ ሊያውቀው ይችላል።

በመካከሉ ስለ ጋራዥ ቋንቋ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ጎማ፣ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፍሬቻ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው፤ ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ፣ ፍሬቻ ደግሞ ቀስት ማለት ነው። መካኒኩ የሚናገረው በእነዚህ ቃላት ሲሆን፣ የመመሪያ መጽሐፉና የሒሳብ ደረሰኙ ግን ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ይጻፋሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ባለመኪና የከፈለበትን ነገር ሳያውቀው ሊወጣ ይችላል። በቤተሰቡ ውስጥ የሚማር ልጅ ካለ፣ ደረሰኙን ቃል በቃል እያነበበ ከመጽሐፉ ሰንጠረዥ ጋር ቢያስተያየው አባቱን ወይም እናቱን ከብዙ ነገር ያድናል።

ይህ የሚጠቅመው በተለይ በክፍያ ላይ ነው። «ነፃ ሰርቪስ» ሲባል ብዙ ጊዜ ነፃ የሚሆነው የእጅ ዋጋው ሲሆን የዘይቱና የፊልትሮው ዋጋ ሊከፈል ይችላል፤ ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። ከዚህም በላይ ሞተር ማጠቢያ፣ ዘይት ላይ የሚጨመር መድኃኒትና ይህን የመሳሰለው ሁሉ ይቀርባል። ሞተሩ ገና ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ያልሄደ መኪና የሚታጠብ እድፍ የለውም። በመመሪያ መጽሐፉ ያልታዘዘን ነገር «አልፈልግም» ማለት ነውር አይደለም።

እስካሁን የተባለው በአብዛኛው ነዳጅ የሚያቃጥለውን መኪና የሚመለከት ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ግን የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛው ሰው በዝቷል። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይትም ካንዴላም የለውም። ታዲያ ጋራዥ ምን ያደርግለታል? ባትሪው ከባድ በመሆኑ ጎማው ቶሎ ይበላል፤ የጎማው ነፋስና አቀማመጥ መታየት አለበት። ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ፣ የፍሬኑ ፈሳሽ፣ ለመብራትና ለመሳሰሉት የሚያገለግለው ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ፣ የመሙያው መሰኪያም እንዲሁ ይመረመራሉ። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ሽቦዎች በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሚያሳልፉ፣ ሥልጠና የሌለው የሰፈር መካኒክ እንዲነካቸው መፍቀድ በሰው ሕይወት መጫወት ነው።

ዋስትናው በሁለቱም ዓይነት መኪናዎች ላይ አንድ ዓይነት ጠባይ አለው። የፋብሪካ ጉድለትን ይሸፍናል፤ በመገልገል የሚያልቀውን የፍሬን ሸራ ወይም የዝናብ መጥረጊያ፣ እንዲሁም በአያያዝ ጉድለት የደረሰን ጉዳት አይሸፍንም። ለኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ብዙ ፋብሪካዎች የ8 ዓመት ወይም የ160,000 ኪ.ሜ. ዋስትና ይሰጣሉ። ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው፤ የሚጸናው ግን በየወቅቱ የታዘዘው ምርመራ መደረጉ በመዝገብ ሲረጋገጥ ነው። ከፋብሪካው ወኪል ሳይሆን ከሌላ አስመጪ ነጋዴ የተገዛ መኪና ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። የፋብሪካ ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ መኪናው እንዲሸጥበት በታሰበው አገር ብቻ የሚሠራ በመሆኑ፣ ለመሆኑ ዋስትና የሚሰጠው ማን እንደሆነ ከግዢው በፊት በጽሑፍ መረጋገጥ ይገባዋል።

ሥራው ሲያልቅ ባለመኪናው ቁልፉን ተቀብሎ ወዲያው መሄድ የለበትም። የአገልግሎት መዝገቡ ቀንና ኪሎ ሜትር ተሞልቶበት ማኅተም ማረፉን ይመልከት። ዘይት ተቀይሮ ከሆነ መጠኑን በመለኪያው ዘንግ ያረጋግጥ። አቤት ያለበት ድምፅ ካለም ከመካኒኩ ጋር ጥቂት ነድቶ ይስማ፤ ያልተገኘ እንከን ቢሆን እንኳ «ተፈልጎ አልተገኘም» ተብሎ በማዘዣው ላይ ይጻፍለት። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ መኪናውን ከማስነሣቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ያደረበትን መሬት ይይ፤ በሌሊት የተንጠባጠበ ዘይት ካለ፣ ዘይቱ የተደፋበት ቡሽ በወጉ አለመጥበቁን የሚናገረው ያ ጥቁር ነጥብ ነው።