ያውቁ ኖሯል? እሳት የተከለከለበት የወደብ ዳር ሰፈር

በኖርዌይዋ በርገን ከተማ፣ ወደቡን ተከትለው በተደረደሩት የብሪገን የእንጨት ቤቶች የኖሩ ጀርመናውያን ነጋዴዎች ያን ብርድ ክረምት ያለ ምድጃ ያሳልፉት እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ቃጠሎ ስለሚፈራ በቤቶቹ ውስጥ እሳት ማንደድ ክልክል ነበር። የሚበስለውም የሚሞቀውም ከጀርባ፣ ለብቻቸው በተሠሩ ቤቶች ነበር።

እነዚህ የሐንዛ ማኅበር (የሰሜን ጀርመን ከተሞች የንግድ ኅብረት) ነጋዴዎች እ.ኤ.አ. በ1360 ገደማ እዚህ ጽሕፈት ቤት ከፍተው ከሰሜን የሚመጣውን የደረቀ ዓሣ በእህል ይለውጡ ነበር። ያ ሁሉ ጥንቃቄ ግን ሰፈሩን ከ1702ቱ ቃጠሎ አላዳነውም። ይበልጥ የሚያስደንቀው መልሰው የሠሩት በዚያው በእንጨት፣ በጥንቱ መሠረት ላይ መሆኑ ነው፤ ጠባቦቹ መተላለፊያዎች ሳይቀሩ ዛሬም የመካከለኛውን ዘመን መልክ ይዘዋል። በ1955 ከፊሉ እንደገና ሲቃጠል፣ ከሥሩ በተደረገው ቁፋሮ በእንጨትና በአጥንት ላይ የተቀረጹ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሩን (የጥንት ሰሜን አውሮፓ ፊደል) ጽሑፎች ተገኙ። ዩኔስኮ ሰፈሩን በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።