ቀጣዩ የአሜሪካ መስመር በእህቴ ሰፈር ቢያልፍስ?

ሰፈራችን ባለችው ጌም ቤት ሁሉም ፊፋ ነው የሚጫወተው። ወረፋ ጠብቄ፣ ብሬን ከፍዬ፣ የዕቃ ባቡር የምነዳው እኔ ብቻ ነኝ። «ወንድሜ፣ ጎሉ መቼ ነው የሚገባው?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ድንጋይ ከሰል የጫነ ባቡር ቁልቁለት ላይ ሳያመልጥ ማውረድ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ስለማያውቁ ነው።

ጨዋታው ትሬን ሲም ወርልድ ይባላል። የሚሠራው ደቭቴይል ጌምስ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ነው፤ ግን በ2017 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ይዞት ብቅ ያለው የመጀመሪያ መስመር የአሜሪካ ነበር። ሳንድ ፓች ይባላል፤ ሜሪላንድ ካለችው ከምበርላንድ ተነስቶ ወደ ፔንሲልቬንያ ተራሮች ይወጣል። መውጣቱ ቀላል ነው፤ ጉልበት ትሰጠዋለህ፣ እየተንፏቀቀ ይወጣል። ጉዱ መውረዱ ላይ ነው። የእውነተኛው ባቡር ፍሬን በአየር ስለሚሠራ፣ ይዘህ እየለቀቅክ፣ ይዘህ እየለቀቅክ ከተጫወትክበት አየሩ መልሶ ሳይሞላ ያልቅብሃል። ስለዚህ ነጂዎች ሞተሮቹን ወደ ጄነሬተር የሚለውጠውን ዳይናሚክ ብሬክ ይይዙና የአየሩን ፍሬን ለክፉ ቀን ያስቀምጡታል። እኔ ይሄን የተማርኩት ሦስት ጊዜ ከፍጥነት ገደብ በላይ ወርጄ፣ ጨዋታው ካባረረኝ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ መስመር መጣ። በ2022 የካሊፎርኒያው ካሆን ፓስ፣ በ2023 ከሎስ አንጀለስ ወደ ላንካስተር የሚሄደው አንቴሎፕ ቫሊ፣ በ2024 ደግሞ የሳን በርናርዲኖ መስመር። በ1854 የተከፈተው የፔንሲልቬንያው ሆርስሹ ከርቭ ሳይቀር ገብቷል። አንዱ እንደወጣ ስለ ቀጣዩ መገመት የእኛ የተጫዋቾች ሱስ ነው። ኩባንያው «ሮድማፕ» ብሎ ወደፊት የሚመጣውን ሲያሳውቅ፣ ኳስ የሚያዩት የዝውውር ዜና እንደሚጠብቁት እኛም በስልካችን ተደፍተን እንጠብቃለን።

ግምት ግን ዝም ብሎ ምኞት አይደለም። የአሜሪካ የባቡር ድርጅቶች ስምና ቀለም ንብረታቸው ስለሆነ መጀመሪያ ፈቃድ ይጠየቃል። አሁን ደግሞ ነገሩ ሊወሳሰብ ነው፤ ዩኒየን ፓሲፊክ በሐምሌ 2025 ኖርፎክ ሳውዘርንን በ85 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን አስታውቋል። ተቆጣጣሪዎቹ ከፈቀዱ ጥቁሮቹ የኖርፎክ ሎኮሞቲቮች በቢጫው ሊዋጡ ነው። ያኔ ሆርስሹ ከርቭን ስንነዳ ታሪክ እየነዳን ነው ማለት ነው። ሌላው ጥያቄ ሎኮሞቲቩ ነው። ቀድሞ የተሠራ ሞዴል ካለ ቀለም ቀይሮ መጠቀም ይቻላል፤ ከሌለ ግን ከዜሮ መሥራት ብዙ ወር ይበላል።

በጭንቅላቴ ብቻ ብፈርድ ምርጫዬ ቴሃቻፒ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ በቤከርስፊልድና በሞሃቪ መካከል ያለ የተራራ መስመር ነው። በ1876 መሐንዲሶቹ ተራራውን ቀጥ ብለው መውጣት ሲያቅታቸው ሐዲዱን ክብ አድርገው በራሱ ላይ አሳለፉት። ባቡሩ ከ1,200 ሜትር ገደማ ከበለጠ፣ ፊቱ ከላይ ሲያልፍ ጅራቱ ገና ከሥር ዋሻው ውስጥ ነው። ራሱን በራሱ ይረግጣል! በዚያ ላይ ከሞሃቪ እስከ ላንካስተር ቅርብ ነው፤ ካሆን ፓስ የሚያልቅባት ባርስቶውም ከሞሃቪ ጋር በሐዲድ ትገናኛለች። ጎረቤቶቹ ጨዋታው ውስጥ ገብተዋል ማለት ነው። ችግሩ በቴሃቻፒ የዘወትር የመንገደኛ ባቡር የለም፤ ዕቃ ብቻ ነው። አብዛኛው ተጫዋች ደግሞ ጣቢያ ላይ ቆሞ በር መክፈትና መዝጋት ይወዳል። ለምን እንደሆነ እኔም አልገባኝም።

ፈጣን ለሚወዱ በፍሎሪዳ ከማያሚ ኦርላንዶ የሚሮጠው ብራይትላይን አለ፤ በሰዓት እስከ 200 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ይምጣ፣ አልጠላም።

ልቤ ግን ሌላ ቦታ ነው። ከዋሽንግተን ዩኒየን ስቴሽን ተነስቶ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በሮክቪል፣ በሃርፐርስ ፌሪ አድርጎ ዌስት ቨርጂኒያ ማርቲንስበርግ የሚደርስ የብራንስዊክ መስመር የሚባል አለ። ወደ 118 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ሲልቨር ስፕሪንግን የማያውቅ አበሻ የለም፤ ዘመድ የሌለው ቢኖር እንኳ እንጀራ የበላበትን ሰው ያውቃል። የእኔ ዘመድ ታላቅ እህቴ ናት። ከሄደች ሰባት ዓመቷ። ሁለት ሥራ ነው የምትሠራው፤ ስትደውልልን አንዳንዴ ከኋላዋ ባቡር ያልፋል። ሜትሮው መሃል ላይ፣ የዕቃና የመንገደኛ ሐዲዱ ግራና ቀኝ ነው የሚያልፈው። እኔ እህቴን ትቼ «ቆይ፣ የዕቃ ነው የሰው?» ብዬ ስጠይቃት ትናደዳለች።

ለመስመሩ መከራከሪያ አለኝ። ሐዲዱ የሲኤስኤክስ ነው፤ የሲኤስኤክስ ሎኮሞቲቮች ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጨዋታው ውስጥ አሉ። የመንገደኛ ባቡሩን የሚያስኬደው ማርክ ኤምፒ36 የሚባል ሎኮሞቲቭ አለው፤ ይሄው ዓይነት በሳን ፍራንሲስኮው የካልትሬን ባቡር ተሠርቶ ነድተነዋል። መልክዓ ምድሩም አያሳፍርም፤ ሃርፐርስ ፌሪ ላይ ሁለት ወንዞች ሲገናኙ ባቡሩ ድልድዩን ተሻግሮ ይገባል።

አሁን ደግሞ እውነቱን ልናገር። የብራንስዊክ የመንገደኛ ባቡር በሥራ ቀን ብቻ ነው የሚሠራው፤ ጠዋት ሠራተኛ ወደ ዋሽንግተን ያስገባል፣ ማታ ይመልሳል። ከዚያ ውጪ ሐዲዱ የዕቃ ባቡርና የጥቂት ረጅም ተጓዦች ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያስነዳ መርሐ ግብር የሚፈልግ ኩባንያ እኔ ብሆን፣ ይሄን መስመር አልመርጥም ነበር። በቃ፣ ይኼው።

ባለፈው ወር ሳንድ ፓችን ስነዳ በስልኬ ቀርጬ ለእማዬ አሳየኋት። ቀደም ሲል የእህቴን ሰፈር በጎግል ማፕ አሳይቻት «ይሄማ ፎቶ ነው፤ ምንም አይንቀሳቀስም» ብላኝ ነበር። ይሄኛውን ግን መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አየችው። ጥሩምባውን ስነፋ፣ ረጅም፣ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ ፈገግ አለች።

«እዚህ ነው የምትኖረው?» አለችኝ።

«አይ እማዬ፣ በዚሁ ሐዲድ ወደ ምሥራቅ ስትሄጂ ነው። ይቺ ከምበርላንድ ናት፤ ከዚህ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል።»

«ታዲያ ለምን ወደዚያ አትነዳውም?»

ጨዋታው እዚህ ጋ እንደሚያልቅ ላስረዳት ሞከርኩ። ሐዲዱ እየታየ እንዴት ያልቃል አለች። ልክ ናት፤ እኔም መጀመሪያ ቀን ያልኩት እንደዚያ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከጌም ቤት በተመለስኩ ቁጥር ቡና እየቆላች፣ ቀና ሳትል «ዛሬስ ደረስክ?» ትለኛለች።

«ገና ከምበርላንድ ነኝ» እላታለሁ።