መቼ እንደምትወልድ የሚወስነው ማን ነው?

በሞጣም ሆነ በብቸና ዙሪያ ላለች የገጠር ሴት የወሊድ መከላከያ መርፌ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ ቤት ውስጥ አይገኝም። እንክብል ባል አግኝቶ ሊጥለው ይችላል፤ በየሦስት ወሩ የሚወጋውን መርፌ ግን ከእሷና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በቀር ማንም ላያውቅ ይችላል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ ሴቶች 23 በመቶው የሚጠቀሙት ይህንኑ መርፌ ነበር።

የሚስትን መከላከያ መደበቅ፣ ጤና ኬላ እንዳትሄድ መከልከል፣ «ካልወለድሽ እፈታሻለሁ» ማለት፣ አስገድዶ መገናኘት፤ ሁሉም የመውለድ ውሳኔን ከሴቷ እጅ የሚነጥቁ ናቸው። ያረገዘችውን እንድታስወርድ ማስገደድም እንዲሁ።

ይህ ጫና ከዱላ ተለይቶ አይታይም። በዚያው ጥናት ትዳር ከመሠረቱ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ ያሉት ወንዶች 28 በመቶ ሲሆኑ፣ ሴቶቹ 63 በመቶ ነበሩ። ስለ ጥቃቱ ያለውን ዝምታ ያከበደው ሴቶቹ ራሳቸው ይህን መቀበላቸው ነው።

ሳትፈልግ ላረገዘች ሴት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ጽንስ ማቋረጥን በተወሰኑ ሁኔታዎች ፈቅዷል፦ እርግዝናው ከመደፈር ወይም ከዘመድ ጋር ከተፈጸመ ግንኙነት ከመጣ፣ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ከወደቀ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለው፣ እንዲሁም እናቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት አለያም በዕድሜዋ ለጋነት ልጅ ለማሳደግ ካልተዘጋጀች። ተደፍሬያለሁ ለምትል ሴት ቃሏ ብቻ በቂ ነው፤ የፖሊስ ማስረጃ አይጠየቅም። ያለ ዕድሜዋ የተዳረች ልጅም ባል ስላላት ብቻ በዕድሜዋ ለጋነት የተሰጣትን መብት አታጣም።

ክፍተቱ ያለው ለአካለ መጠን በደረሰች ሚስት ላይ ነው። አስገድዶ መድፈርን የሚደነግገው አንቀጽ 620 ከጋብቻ ውጭ የተፈጸመውን ብቻ ይቀጣል። ባሏ አስገድዶ ያስረገዛት ሴት በመደፈር ምክንያት ጽንስ ማቋረጥን መጠየቅ ይከብዳታል፤ በአብዛኛው የሚቀራት በር ጤናዋ አደጋ ላይ ነው የሚለው ምክንያት ነው።

ሞጣና ብቸና በሚገኙበት በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የቀጠለው ጦርነት የጤና ተቋማትን አዳክሞ፣ መንገድንም አደገኛ አድርጎ ይህንኑ በር አጥብቦታል።

የጤና ባለሙያዎች ሴቲቱን ከባሏ ለይተው ለብቻዋ ሊያነጋግሯት፣ ሕግ አውጪውም ከአንቀጽ 620 የጋብቻን ከለላ ሊያነሳ ይገባል።